የመረጃ ክህሎት ስልጠና ፕሮፖዛል፦ ረቂቅ 3 ላይ አስተያየት (ተናጋሪዎቹ በሥራ ክፍላቸው ተጠርተዋል)

አስተባባሪ፦ ረቂቅ 3 ተለጥፏል። ዓላማው ያው ነው። የማኅበራችን አባል ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መረጃ መፈለግና መመዘን ይሠልጥን፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ሥራው ላይ ለውጥ መጣ ወይ ብለን እንለካ። እንዳለፈው "ስልጠናው ጥሩ ነበር" የሚል ቅጽ አስሞልተን አንበተንም። አርብ ይገባል።

ሪፈረንስ፦ መጠይቁ ይውጣ። "የመፈለግ ችሎታህ እንዴት ነው" ሲባል ማን "ደካማ" ብሎ ይሞላል? ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ ፈልጎ ያሳየን። በቀደም አንድ ተማሪ "ሃርት አታክ" ብሎ ቢፈልግ አጣ፣ ዴስክ ላይ ያለውም ልጅ ያንኑ ደግሞ ጻፈና "የለንም" ብሎ ሸኘው። መጻሕፍቱ መደርደሪያው ላይ ናቸው፣ ካታሎጉ በርዕሰ ጉዳይ የያዛቸው ግን በሕክምና ስሙ "ማዮካርዲያል ኢንፋርክሽን" ብሎ ነው። ደግሞ ገጽ 2 ላይ የአሜሪካ የኮሌጅና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣውን የመረጃ ክህሎት መስፈርት ጠቅሳችኋል። እሱ እኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ተሽሯል።

ዲጂታል፦ የተግባር ፈተናውን እኔ አዘጋጃለሁ። ረቡዕ ይደርሳችኋል።

ካታሎግ፦ ገጽ 4፦ ሰርተፍኬቱን የሚፈርመው የማኅበሩ ሰብሳቢ ብቻ ነው ይላል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊስ?

አስተባባሪ፦ ሁለቱም ይፈርሙ።

ካታሎግ፦ የማን ከላይ?

አስተባባሪ፦ ጎን ለጎን።

ካታሎግ፦ በግራ በኩል የማን?

ውሰት፦ የፈተናው ውጤት ለሰው ሀብት የሚደርስ ከሆነ እኛ አንፈተንም። ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ስናወጣና ስንመልስ ነው የምንውለው፣ የዳታቤዙ ፓስዎርድ እንኳን አልተሰጠንም። ባልከፈትነው ነገር ነው የምትመዝኑን?

አስተባባሪ፦ ውጤቱ በኮድ ነው የሚያዘው፣ ስም የለበትም።

ካታሎግ፦ ፊርማው ላይ መልስ አላገኘሁም።

ሪፈረንስ፦ አንተ ሰውዬ፣ ለፊርማ ነው እንዴ የተሰበሰብነው?

ካታሎግ፦ አዎ፣ ለፊርማ ነው! ያለፈው ጊዜ ማሠልጠኛውን እኛ ለፍተን አዘጋጀን፣ ሰርተፍኬቱን ለደረጃ እድገት ስናስገባ "መሥሪያ ቤታችሁ አያውቀውም" ተብሎ ተመለሰ። አንተን አልነካህም፣ ለዚያ ነው የሚቀልህ።

ሪፈረንስ፦ እሺ፣ እሱስ እውነትህን ነው። ኃላፊው ይፈርሙ። አሁን ወደ ፈተናው እንመለስ?

ካታሎግ፦ የሥልጠና ክፍሉም ይጨመር። አለበለዚያ ነገ ደግሞ እነሱ አናውቀውም ይላሉ።

አስተባባሪ፦ ሐሙስ ሆነ፣ ፈተናው አልደረሰኝም። ዲጂታል ስልክም አያነሳም። ለጊዜው መጠይቁን መልሼ አስገብቻለሁ። የሦስት ወሩ ክትትል ትራንስፖርት ስለሚፈልግ ወጥቷል፣ ገንዘቡ ለሰርተፍኬት ህትመትና ለማስረከቢያ ፕሮግራም ዞሯል። ሦስት ፊርማ፣ ማኅተም መሃል።

ሪፈረንስ፦ ታዲያ ምኑን ልንለካ ነው?

ውሰት፦ ፓስዎርዱስ? እሱን ለመስጠት እኮ በጀት አያስፈልግም።

አስተባባሪ፦ ለረቂቅ 4 ይዤዋለሁ። ነገ የሚገባው ግን ይሄ ነው።