ከታዋቂ ሰው ስም የወጡ ቃላት፦ ክላሽ፣ ውጅግራ፣ ማርትሬዛ… መነሻቸው እንዴት ይጣራል?

ቃል ሰብሳቢ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ለተማሪዎች የቋንቋ ክበብ የሚሆን አነስተኛ የቃላት መድበል እያዘጋጀን ነው። የምንፈልገው ከታዋቂ ሰው ስም ወጥተው የሰፈር ወይም የዘወትር መጠሪያ የሆኑትን ነው። እስካሁን ክላሽ፣ ውጅግራ፣ ሰናድር፣ ምንሽር፣ መትረየስ፣ ማርትሬዛ፣ ራስታ፣ ቃኘው፣ አባዱላ (መኪናው) ተይዘዋል። ከመንዝ በኩል የጠመንጃ ስም በብዛት መጥቶልናል፤ ችግሩ ለአንዱ ቃል ሦስት አራት ፍቺ ይሰጠናል። «ውጅግራ ማለት ግራ የሚያጋባ ነው» ያሉም አሉ። ቃሉ በእርግጥ ከሰው ስም መምጣቱን በምን እናውቃለን? ለእያንዳንዱ ቃል በምናዘጋጀው ካርድ ላይስ ምን ይጻፍ?

የሞላሌው

ወንድሜ፣ ውጅግራን ከእኛው «ግራ» ጋር አታገናኙት። ፈረንሳዮች ጠመንጃን «ፊዚ» ይላሉ፤ «ግራ» ደግሞ የሠሪው የባዚል ግራ ስም ነው። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው፣ አፈሙዙ 11 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ጎራሽ ነው። የሰውዬው ስም ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «ስ» አለው፣ ሲጠራ ግን አይሰማም። እኛ ዘንድም «ግራስ» አልሆነም። ይህ ቃሉ ከጽሑፍ ሳይሆን ከአፍ እንደተወሰደ ያሳያል። መሣሪያውን ብታገላብጡትም ብረቱ ላይ የምታገኙት የፋብሪካውን (ለምሳሌ የሴንት ኤትየንን) ስምና 1874 የሚለውን ነው። ስለዚህ «ጠመንጃው ላይ አልተጻፈም» ብላችሁ መነሻውን እንዳትጥሉት።

ሰናድር የጄኮብ ስናይደር ስም ነው። አማርኛ በቃል መጀመሪያ ሁለት ተነባቢ ተደራርቦ ሲመጣ ስለማይመቸው በ«ስ» እና በ«ን» መካከል አናባቢ አስገባበት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ሲመጡ የያዙት ይህንኑ ጠመንጃ ነበር። ምንሽር የኦስትሪያዊው የፈርዲናንድ ማንሊኸር ነው፤ መካከል ላይ ያለው «ል» ጠፍቶ «ኸ»ው ወደ «ሽ» ዞረ።

መትረየስን ግን አውጡት። የማንም ስም አይደለም፣ የመሣሪያው የፈረንሳይኛ መጠሪያ ነው። በምትኩ ዲሽቃን አስገቡ፤ «ዲ» እና «ሽ» የደግትያርዮቭና የሽፓጊን፣ የሁለት ሩሲያውያን መሐንዲሶች ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። «ቃ»ዋ የመጣችው ትልቅ የአፈሙዝ ስፋት ከሚለው የሩሲያኛ ቃል ነው፤ መሣሪያው 12.7 ሚሊሜትር ነውና።

አጠያየቅ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ በመጀመሪያ «ይህ ቃል ከየት መጣ?» ማለት ፍቺ አስፈጥሮ መመለስ ነው። ፎቶውን አሳይታችሁ «ይሄ ምን ይባላል?» በሉ፤ አጠራሩን ቅዱ፤ ቃሉ የገባበትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ብዙ ቁጥሩን ጠይቁ። የመነሻው ጥያቄ የመጨረሻው ይሁን። ፉከራና ቀረርቶም ብቻውን ለዘመን ማስረጃ አይሆንም፣ ፎካሪው በየጊዜው አዲሱን መሣሪያ ይተካበታልና። ውጅግራ በነበረበት ክላሽ ሲገባ ግን ስንኙ ቀለም (ምት) ይጎድለዋል። ሲባል ምቱ የሚሰበር ስንኝ ካጋጠማችሁ ሥር ያለውን የድሮውን ስም ፈልጉ።

አልዩ አምባ

ስለ ማርትሬዛ፣ ስለ ጠገራ ብሩ ልጨምር። የኦስትሪያዋ ገዢ ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላም ያንኑ 1780 እንደያዘ ሲመታ ኖሯል። ከአንኮበር ወይም ከአልዩ አምባ የተገኘ ጠገራ ብር ይዞ «ቃሉ ሸዋ የገባው በ1780 ነው» ማለት ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ብሩ ላይ ያለውን አጻጻፍም እዩ፦ በላቲን ፊደል «ም» ብቻ፣ ነጥብ፣ ከዚያ «ቴሬዝያ» ይላል። ማርያ የሚል ሙሉ ቃል የለውም፤ በእኛ ቃል ውስጥ ያለው «ማር» በአፍ የመጣ ነው።

ለካርዱ ፎቶ የምታነሡት ብር ትክክለኛ መሆኑን ለማየት መዝኑት፤ ወደ 28 ግራም ይመጣል፣ ከሺው 833 እጁ ጥሩ ብር ነው። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን ጎላ ያለ የላቲን ጽሑፍ አለበት። ለጌጥ ተብሎ ቀዳዳ የተበሳ ወይም ጆሮ የተበየደበት ከሆነ ክብደቱ ይዛባል።

ቃል ሰብሳቢ (ደብረ ብርሃን)

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ መትረየስን አውጥተናል። ራስታ፣ ቃኘውና አባዱላስ?

ጣርማበር

ራስታ ከራስ ተፈሪ ነው፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከመንገሣቸው በፊት የነበረ ማዕረግና ስም። ጃማይካ ሄዶ የእምነት መጠሪያ ሆነ፣ እኛ ጋ ሲመለስ የተገመደ ጠጉር ስም ሆነ። ስለ ጠጉር የሚነገር በመሆኑ ብዙ ሰው «ራስ» ማለት እዚህ ጭንቅላት ይመስለዋል። ካርዱ ላይ «ራስ፣ ማዕረግ» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ።

ቃኘው ከቃል ወደ ስም፣ ከስም ወደ ቃል የሄደ ነው። ቃኘ ከሚለው ግሥ «አባ ቃኘው» የራስ መኮንን የፈረስ ስም ሆነ፤ እሳቸው በእናታቸው በኩል የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ናቸውና ለእናንተ ቅርብ ነው። ከዚያ በ1943 ዓ.ም. ኮርያ የዘመተው ሻለቃ ቃኘው ተባለ። ሦስቱን ደረጃ በቀስት አሳዩ።

አባዱላ ላይ ተጠንቀቁ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትሩን የሚመላለሰው ጣሪያው ከፍ ያለ ሚኒባስ በባለሥልጣን ስም እንደተጠራ ይነገራል። አባ ዱላ ራሱ ግን በገዳ ሥርዓት የጦር መሪ ማዕረግ ነው፤ ከአማርኛው «ዱላ» ጋርም ዝምድና የለውም። ማዕረጉን በእርግጠኝነት ጻፉ፤ ከማዕረግ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ መኪና የሚለውን በጽሑፍ ማስረጃ እስክታገኙ «ይባላል» በሉት።

የካርድ ናሙና እነሆ፦

ክላሽ። ብዙ፦ ክላሾች። ሙሉ አጠራር፦ ክላሽንኮቭ። መነሻ ሰው፦ ሚካኤል ካላሽኒኮቭ፣ የሶቪየት መሣሪያ ንድፍ አውጪ (እ.ኤ.አ. 1919–2013)። ዕቃው፦ በሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1949 ተቀባይነት ያገኘ፣ 7.62 ሚሊሜትር። የድምፅ ለውጥ፦ «ካላ» ወደ «ክላ»፣ «ኒ» ወደ «ን»፤ ከዚያ ጅራቱ ተቆረጠ። የተሰማበት ዓረፍተ ነገር፣ ቦታ፣ ቀን፣ የተናጋሪው ዕድሜ።

የተናጋሪውን ስም አትጻፉ፣ ዕድሜና ወረዳ ይበቃል። «ካላሽ» የሚል ተናጋሪም ካገኛችሁ አታርሙት፤ ለብቻው መስመር ስጡት።