ማቹ ፒቹ በእግር የሄደ አለ?

የጅማው፦ ሰላም ጓዶች፣ ፔሩ ልሄድ አስቤ ነበር፣ ያንን ወደ ጥንቱ የኢንካዎች ከተማ ማቹ ፒቹ የሚወስደውን፣ ኢንካ ትሬይል የሚሉትን የ4 ቀን የእግር መንገድ ያለ ጋይድ ብቻዬን ብሄድ ይቻላል? ጅማ ዙሪያ ዳገት ስለምወጣ ጉልበቴ አያሳስበኝም

ቡናዬ፦ ያለ ጋይድ አያስገቡህም ወንድሜ። በቀን 500 ሰው ነው የሚገባው፣ እሱም ጋይድና ዕቃ ተሸካሚ ተደምሮ ስለሆነ ፈቃዱን ከወራት በፊት ያዝ። ፌብሯሪን ደሞ ዝግ ነው

መንገደኛ፦ ጉልበት ሳይሆን አየሩ ነው የሚጥልህ! ጅማ 1,700 ምናምን ሜትር ናት፣ እዛ 2ኛው ቀን የምትሻገረው የተራራ ማለፊያ 4,215 ነው፣ ስሙ ራሱ "የሞተችው ሴት" ነው እኮ ሃሃ። መጀመሪያ ባሌ ሳነቴ ወጥተህ ራስህን እየው፣ እዛም መንገዱን ከመጀመርህ በፊት ኩስኮ ከተማ 2 ቀን እረፍ

የጅማው፦ ሳነቴንማ በመኪና አልፌው ራሴን ሲፈልጠኝ ነበር 😅