ፋይናል ከት ላይ ልቆይ ወይስ ልሻገር?

ሰላም ኤዲተሮች፣ አንድ ነገር ቸግሮኛል። የሠርግና የመልስ ቪዲዮ ነው የምሠራው፣ ሁሉንም በአፕል የቪዲዮ ማቀናበሪያ፣ በፋይናል ከት ፕሮ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ይሄ ነገር ዕድሜ የለውም፣ ወደ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ግባ» እያለ ወደ ሌላ ማቀናበሪያ እንድሻገር ይጨቀጭቀኛል።

ምክሩን እንዳልንቀው የሚያደርገኝ የአፕል ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አዲሱ ቨርዥን ፋይናል ከት ኤክስ ሲወጣ የድሮውን ፕሮጀክት አይከፍትም ነበር። መልቲካም (የብዙ ካሜራ ቀረጻን አንድ ላይ መቁረጫው) እንኳ የተጨመረለት ቆይቶ ነው። በ2014 ደግሞ የፎቶ ፕሮግራማቸውን አፐርቸርን እንደሚያቆሙት ተናገሩ። ግን በ2024 መጨረሻ 11ኛው ቨርዥን ወጥቷል፤ ሊጣል የታሰበ ነገር እንዲህ አይታደስም መሰለኝ። ፍጥነቱንም አልክድም፣ የካሜራዎቹን ድምፅ አመሳስሎ ቁጭ ያደርግልኛል።

ጭንቄ የድሮ ሥራዎቼ ናቸው። ደንበኛ ከዓመት በኋላ መጥቶ «የአክስቴን እስክስታ ቆርጠኸዋል፣ መልስልኝ» ይላል። (ሁሌም አክስት ናት!) ፕሮጀክቱ በኤክስኤምኤል (ቁርጡን ለሌላ ፕሮግራም በሚያስተላልፍ ፋይል) ወደ ሪዞልቭ ሲሄድ ቁርጡ እንደሚሻገር አውቃለሁ። በአፕል የግራፊክስ ፕሮግራም በሞሽን የሠራኋቸው የአማርኛ ታይትሎች (ቪዲዮው ላይ የሚወጡት ጽሑፎች) ግን አብረው አይሄዱም።

የተሻገራችሁ ካላችሁ፣ የድሮውን ፕሮጀክት ምን አደረጋችሁት? ታይትሉንስ ከዜሮ ሠራችሁት? ማኬ ደግሞ 8 ጊጋ ራም ነው፣ ሪዞልቭን ይችለዋል ወይ?