የሞንትሪያሉ ቪክቶሪያ ሪንክ «የሆኪ መወለጃ» የሚል ምልክት ይቁምለት?

አወያይ፦ በካናዳ የነበረው ይህ ሪንክ፣ ማለትም የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ፣ በ1862 ተሠርቶ በ1925 ተዘጋ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። የበረዶ ላይ ሆኪ እዚህ ተወለደ የሚሉ አሉ። ዛሬ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ነው። ስሙ ይገባዋል ወይስ አይገባውም?

እንጦጦ፦ አይገባውም። እንግሊዝም የካናዳዋ ኖቫ ስኮሻም ኩሬው በረዶ ሲሆን ሰው በዱላ ይጫወት ነበር። ማርች 3 ቀን 1875 በዚህ ሪንክ የተደረገውን የመጀመሪያውን የተደራጀ የአዳራሽ ሆኪ ጨዋታ ያዘጋጀው ጄምስ ክሬይተን ራሱ የኖቫ ስኮሻዋ ሃሊፋክስ ልጅ ነው። ይዞት መጣ እንጂ እዚያ አልፈጠረውም።

ጣና፦ እሱን ማን ካደህ ወንድሜ? እኔ የምለው፣ ጨዋታውን መልክ ያስያዘው ቤቱ ነው። ሜዳው 204 በ80 ጫማ ነበር። ዙሪያው አጥር የለም፤ ተመልካቹ የሚቆመው ከበረዶው አንድ ጫማ ያህል ከፍ ባለ መድረክ ላይ ነው። ኳስ ከነጠረ የሰው ፊት ያገኛል። ስለዚህ በኳሱ ፋንታ ጠፍጣፋ ክብ እንጨት ገባ፣ በረዶው ላይ ተለጥፎ እንዲሄድ። ተጫዋቹም በየቡድኑ 9 ሆነ። የዛሬው የሰሜን አሜሪካ ሜዳ 200 በ85 ጫማ ነው፤ እስቲ አስተያዩት።

ራስ ዳሽን፦ ልኩ ቢቀራረብም ቤቱ የተሠራው ለበረዶ ላይ መንሸራተቻ ነው። ሆኪ ታስቦ የተሠራው፣ በ1898 የመጨረሻ ቀን የተከፈተው የዌስትማውንት አሬና ነው። እሱም ጃንዋሪ 1918 ተቃጠለ፤ ዋንደረርስ የተባለው ቡድን በዚያው ከሊጉ ወጣ። «የመጀመሪያው የሆኪ አሬና» ተብሎ ከተጻፈ ስሕተት ነው።

ጣና፦ ልክ ነህ፣ እንደዚያ አይጻፍ። ግን በ1894 የስታንሊ ዋንጫ (የሆኪ ሻምፒዮናው ዋንጫ) የመጀመሪያ ግጥሚያዎች፣ ማርች 17 እና 22፣ የተደረጉት ቪክቶሪያ ነው፤ ያውም በተፈጥሮ በረዶ። እንዲህ ያለ በረዶ በስሱ ውሃ ይነጠፍና ሲጠጥር ይደገማል። ባንዴ ካፈሰሱት ላዩ ቀድሞ ይጠጥርና ከሥሩ ክፍት ይቀራል፤ የመንሸራተቻ ጫማ ሲረግጠው ይሰነጠቃል። በማርች መጨረሻ ደግሞ ሙቀት ከመጣ ውሃ ይቋጥራል፣ ፓኩም (ያ ጠፍጣፋ ክብ) ይጎተታል።

እንጦጦ፦ «በአዳራሽ ውስጥ የተደራጀ ሆኪ የተጀመረበት» በሉት፣ እፈርማለሁ። «መወለጃ» የምትለዋ ትውጣ።

ጣና፦ ትውጣ። የጠፍጣፋው እንጨት ነገር ግን ይጻፍልኝ።

ራስ ዳሽን፦ ከጽሑፉ በላይ እኔ የምፈልገው ልኩን ነው፤ 204 በ80፣ በማቆሚያው ወለል ላይ በቀለም ይሰመር።