«ተናዞ ነው የሞተው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሪሞት ያዥ፦
የሰኞ ማታውን የወንጀል ድራማ ያላያችሁ እዚህ ጋ ቁሙ፤ መጨረሻውን ልናገር ነው።

ሽማግሌው ነጋዴ በስለት ተወግቶ ሆስፒታል ተኝቷል። መርማሪዋ ገባች። በሩ ተዘጋ። እኛ ኮሪደር ላይ ቀረን። ካሜራው የበሩን እጀታ ያሳየናል፤ ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ማሽኑ ጮኸ። መርማሪዋ ወጣች። አለቃዋ «እሺ?» ሲላት «ተናዞ ነው የሞተው» አለችውና ጥላው ሄደች። አለቀ። ሙዚቃ።

እኛ ቤት ሦስት ቦታ ተከፈልን። እኔ «የድሮ ሸሪኩን የገደለው እሱ ራሱ መሆኑን አመነ» አልኩ። እህቴ «ኧረ ፎቁን ለእንጀራ ልጁ አወረሰ ማለት ነው» አለች። እናታችን ደግሞ «ማን እንደወጋው ነገራት» ብለው ድርቅ አሉ። ጥያቄዬ አጭር ነው። «ተናዘዘ» ብቻውን ሲቆም፣ ምኑን፣ ለማን ሳይባል ሲቀር፣ ከሦስቱ የትኛው ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
ከሁሉ በፊት «ተናዞ» ተብሎ አይጻፍም። «ተናዝዞ» ነው። አንዱን «ዘ» ምን በላው?

ሪሞት ያዥ፦
እሷ ያለችው «ተናዞ» ነው። የሰማሁትን ጻፍኩ።

ፊደል ቆጣሪ፦
አፍ ይዋጠው፣ ግድ የለም። እጅ ግን መዋጥ የለበትም። «አዝዞ» በማለት ፈንታ «አለቃው አዞ ወጣ» ብለህ ጻፍና ማን እንደሚሸሽ ታያለህ።

ዝምታ ወርቅ፦
እንዲያውም አዘዘን ካነሳህ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። አዘዘ፣ ትእዛዝ፣ ማዘዣ፣ ኑዛዜ። ሁሉም ውስጥ ዘዘ አለ። ኑዛዜ ማለት የሟች ትእዛዝ ነው። ስለዚህ እህትህ ልክ ናት፤ ሰውየው ንብረቱን አዝዞ ሞቷል። የኃጢአቱ ነገር በኋላ የመጣ ነው። እኔ ይህን ለብቻዬ ከደረስኩበት ቆየሁ፤ ሰሚ ነው ያጣሁት።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
ሰሚ ያጣኸው በደግ ነው ወንድሜ። «ናዘዘ» ራሱን የቻለ የግዕዝ ግስ ነው። ትርጉሙ አጽናና ማለት ነው። «ናዛዜ ኅዙናን» ሲባል ያዘኑትን የሚያጽናና ማለት እንጂ ያዘኑትን የሚያዝ ማለት ነው? ጰራቅሊጦስንስ፣ መንፈስ ቅዱስን ማለቴ ነው፣ ሊቃውንቱ «ናዛዚ፣ መጽንዒ»፣ አጽናኝና አበርቺ፣ ብለው ይተረጉሙት የለ? «ተናዘዘ» ማለት እንግዲህ መጀመሪያ ተጽናና ማለት ነው። ኃጢአቱን ለካህን የነገረ ሰው ሸክሙ ይቀልለታል፣ ይጽናናል። ከዚያ ነው አማርኛው መጽናናቱን ትቶ መናገሩን የያዘው። «ዘ» ሁለት ጊዜ ስለመጣ ዘመድ ነው ካልን ነዘነዘም የአጎት ልጅ ሊሆን ነው።

ዝምታ ወርቅ፦
ለምን አይሆንም? መርማሪዋ ነዘነዘችው፣ እሱ ተናዘዘ። ሥርወ ቃሉ ክፍሉ ውስጥ ሲሠራ እያየነው!

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
የኔታ ይህን ሰምተው ቢሆን ዛሬ በደህና አትቀመጥም ነበር።

ሦስት ወቅት ሙሉ፦
እኔ ግዕዝ ብዙም አልችልም፤ ድራማውን ግን ከመጀመሪያው ጀምሬ አይቻለሁ። መርማሪዋ ቃል አታባክንም። አንድ ነገር ካለች አስባበት ነው።

ጠበቃ በጡረታ፦
ልጆች፣ ሥሩን ለጊዜው ተዉትና ፍሬውን እንይ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። አንደኛው በግልጽ የሚደረገው ነው፤ በጽሑፍ ሆኖ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። ሁለተኛው ተናዛዡ ሙሉውን በገዛ እጁ የሚጽፈው ነው። ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው፤ ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው የመጨረሻ ፈቃዱን ለሁለት ምስክሮች ሲናገር።

አሁን ቁጠሩ። ክፍሉ ውስጥ መርማሪዋ አለች። ነርሷ አለች፣ እሷም ቀደም ብላ ካልወጣች። ሽማግሌው ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ሊሆን የሚችለው የቃል ኑዛዜ ብቻ ነው። በቃል ኑዛዜ ደግሞ የሚፈቀደው ጥቂት ነው። ስለ ቀብሩ ማዘዝ ይችላል። ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት መሰየም ይችላል። ስጦታም መስጠት ይችላል፤ እያንዳንዱ ግን ከ500 ብር መብለጥ የለበትም። ፎቅ በዚህ አይተላለፍም። የእህትህን ነገር እዚህ ላይ እዘጋዋለሁ።

ሪሞት ያዥ፦
500 ብር? ዜሮ አልረሱም ጋሼ?

ጠበቃ በጡረታ፦
አልረሳሁም። ሕጉ የ1952 ነው አልኩ እኮ።

ዝምታ ወርቅ፦
መርማሪዋ የመንግሥት ሰው ስለሆነች እንደ አራት ምስክር አትቆጠርም?

ጠበቃ በጡረታ፦
ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም በሥራው ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው ከሆነ ሁለት ይበቃል። ፖሊስ እዚያ ውስጥ የለችም። ደግሞም በግልጽ የሚደረገው መጻፍ አለበት፤ የበሩን እጀታ እያየን ማን ጻፈው?

አንድ ነገር ልጨምር። በሥራ ዘመኔ ሁሉ «ተጠርጣሪው ተናዘዘ» የሚል መርማሪ አላጋጠመኝም። «ቃሉን ሰጠ» ይላሉ። «ድርጊቱን አመነ» ይላሉ። ፍርድ ቤት ስትሄዱ ደግሞ «የእምነት ክህደት ቃል» ነው። ሰውየው ወንጀሉን አምኖ ቢሆን ኖሮ መርማሪዋ «አምኗል» ብላ በአንድ ቃል ትገላገል ነበር። አላለችም።

ሪሞት ያዥ፦
ስለዚህ ውርስም አይደለም፣ እምነትም አይደለም። እናቴ ሊያሸንፉ ነው?

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
አያሸንፉም፤ ይቅርታ ይደረግልኝና። ሰው የሚናዘዘው የራሱን ነው። የሌላውን ኃጢአት ለካህን ብትዘረዝርለት ንስሐ ገባህ አይልህም፤ አማህ ይልሃል። «እገሌ ወጋኝ» ማለት ጥቆማ ነው፣ ምስክርነት ነው። ኑዛዜ አይደለም።

ሦስት ወቅት ሙሉ፦
ሃሃሃ፣ ንስሐ አባት ጋ ሄደው የጎረቤታቸውን የሚናዘዙ ግን አውቃለሁ።

ፊደል ቆጣሪ፦
ወደ ሰዋስው ልመልሳችሁ። ልዩነቱ በመስተዋድዱ ነው። ሀብት ሲሆን «ን» ይመጣል፤ «ቤቱን ተናዘዘላት»። ኃጢአት ሲሆን «በ» ነው። «በኃጢአታችን ብንናዘዝ» ይላል የዮሐንስ መልእክት። ያዕቆብም «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ» ይላል። «ኃጢአታችሁን» አይልም። ያለ «በ» የመጣ ሁሉ የንብረት ነው።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
ማቴዎስ 3፥6። «ኃጢአታቸውንም እየተናዘዙ»። በዮርዳኖስ ዳር ርስት ሲከፋፈሉ ነበር እንበል?

ፊደል ቆጣሪ፦
ያ የተርጓሚው ስልት ነው።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
ሲመችህ ሰዋስው፣ ሳይመችህ ስልት። ግዕዙን ክፈት እስቲ። እዚያ ቦታ ላይ «ይትአመኑ» ነው የሚለው፤ ናዘዘ የለም። ኃጢአትን ገልጦ መናገር በግዕዙ «ተአምኖ» ነው። ይህ ምን ማለት መሰለህ? ጋሼ ጠበቃው የፖሊስ ቃል ነው ያሉት «አመነ» ዋናው የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው። አማርኛው ነው ተአምኖን ለፖሊስ ሰጥቶ ናዘዘን ለካህን ያስቀረው። ስለዚህ በጣቢያ የሚያምን ተጠርጣሪ ሳያውቀው ጥንታዊ ግዕዝ እየተናገረ ነው።

ጠበቃ በጡረታ፦
ይህን ብዙ ደንበኞቼ ቢያውቁት ደስ ይላቸው ነበር።

ዝምታ ወርቅ፦
መዝገበ ቃላት ያለው ሰው የለም? የኪዳነ ወልድ ክፍሌን አውጥቼ «ነ» ጋ ስፈልግ አጣሁት።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
በሀ ሁ ተራ እየፈለግህ ነዋ። የእሳቸው በአበገደ ነው፤ ፊደሉ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ በሚሄድበት ተራ። «ነ» ከ«መ» ቀጥሎ ነው የምትመጣው።

ዝምታ ወርቅ፦
አሁን ገባኝ። እስካሁን የተቀደደ መስሎኝ የሸጠልኝን ሰው ስረግመው ነበር።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
በል እሱንም ተናዘዝ።

ሦስት ወቅት ሙሉ፦
ቆይ ቆይ። ሁላችሁም ያለፋችሁት ነገር አለ። ጋሼ ጠበቃው መርማሪ «ተናዘዘ» አይልም ብለዋል። መሪጌታ ደግሞ የካህን ቃል ነው ብለዋል። ታዲያ መርማሪዋ እንደ ካህን ብታወራስ? የንስሐ አባት የሰማውን አያወጣም አይደል? ለአለቃዋ መናዘዙን ነገረችው እንጂ የተናዘዘውን አልነገረችውም። ጥላው ሄደች። ወቅቱን ሙሉ ልትይዘው ነው!

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
ክህነቱን መቼ ተቀበለች?

ሦስት ወቅት ሙሉ፦
ድራማ ነው አቦ።

ጠበቃ በጡረታ፦
ካህን ሚስጥር ይጠብቅ። መርማሪ ያገኘችውን መዝገብ ላይ ማስፈር አለባት። እንዲያ ካደረገች የሚቀጥለው ክፍል ላይ እሷ ናት የምትመረመረው።

ዝምታ ወርቅ፦
እኔ አሁንም ከአዘዘ አልወጣሁም። ሟች በአልጋው ላይ «ልጆቼን አደራ፣ እዚህ ቅበሩኝ» ሲል ምን እያደረገ ነው? እየተጽናና ነው? እያዘዘ ነው እንጂ! መሪጌታ፣ አጽናና የሚለው እንዴት ብሎ ነው ፎቅ ማውረስ የደረሰው? መንገዱን አሳየኝ።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
መንገዱ አጭር ነው። ሊሞት የቀረበ ሰው ካህን ይጠራል። ነፍሱን የሚመለከተውን ይናገራል። እዚያው ቁጭ ብሎ የቤቱንም ነገር ይናገራል፤ ያበደረውን፣ የተበደረውን፣ ለማን ምን እንደሚተው። ሰሚው አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ አልጋው አንድ። ሁለቱ ንግግር በአንድ ስም ቢጠራ ምን ይገርማል? ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ከአዞው ግን ይሻላል።

ፊደል ቆጣሪ፦
አዞው የእኔ ነው፣ እሱ ላይ አትለጥፈው።

ጠበቃ በጡረታ፦
ግምቱ አያስኬድም አልልም። የድሮ የኑዛዜ ወረቀቶች ላይ የንስሐ አባት በምስክርነት ተጽፎ ማየት የተለመደ ነው።

ሪሞት ያዥ፦
ወገኖቼ፣ እኔ የጠየቅሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሰኞ ደረሰ። እናቴ በየቀኑ «ምን አሉህ ሊቃውንቱ?» ይሉኛል።

ዝምታ ወርቅ፦
በሂደት ላይ ነው በላቸው።

አንቱታ፦
አዲስ ነኝ፤ ሁሉንም አንብቤ ነው የምጽፈው። ግሱን እያገላበጣችሁ ቅጥያውን የተዋችሁት ይመስለኛል። ያንን ክፍል ደግሜ አየሁት። መርማሪዋ ሽማግሌውን ከመጀመሪያው ጀምሮ አንቱ ነው የምትላቸው። ቤታቸው ስትገባ «ይቀመጡ አባቴ» አለች። አምቡላንስ ውስጥ «አይዞዎት» አለች። ሆስፒታሉ በር ላይ ለነርሷ «ሊያናግሩኝ ይችላሉ?» አለች። ከዚያ በሩ ተዘጋ። ስትወጣ «ተናዘው ነው የሞቱት» አላለችም። «ተናዞ ነው የሞተው» አለች። በሕይወት ሳሉ አንቱ ያለቻቸውን አባት ሞተው ሳይቀዘቅዙ አንተ አደረገቻቸው። ፎቅ ያወረሰ ሰው እንዲህ አይደረግም። የወጋውን ሰው የጠቆመም አይደረግም። ክብሩ የተገፈፈው በዚያ ክፍል ውስጥ በሰማችው ነገር ነው።

ሦስት ወቅት ሙሉ፦
ወይኔ! ልመለስና ልየው።

ጠበቃ በጡረታ፦
በማስረጃነት አይቀርብም፤ ግን ጥሩ ጆሮ ነው።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
አንቱታ በግዕዝ እንዲህ የለም። «አንተ» ለንጉሡም ለእግዚአብሔርም ነው። ስለዚህ ይህ ማስረጃ የአማርኛ ብቻ ነው፤ ስለ ናዘዘ ሥር የሚነግረን ነገር የለም።

ዝምታ ወርቅ፦
አንቱን ካነሳን እኔ ጋ አንድ ሐሳብ አለ። አንቱ የመጣው ከ«አንትሙ» ነው ወይስ—

ፊደል ቆጣሪ፦
ለእሱ ሌላ ርዕስ ክፈት። አንቱታ፣ እንኳን ደህና መጣሽ ወይም መጣህ ወይም መጡ። ግን «ተናዘው» አይባልም። «ተናዝዘው» ነው።