የተጠቆሩት የአሜሪካ የእስረኞች ምርመራ ዶክመንቶች፣ ከየት ይጀመራል?

የማታ አንባቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የያዘቻቸውን ሰዎች እንዴት እንደመረመረች የሚያሳዩትን የመንግስት ወረቀቶች ማንበብ ጀምሬ ነበር፣ ኤሲኤልዩ የሚባለው የመብት ድርጅት ያስወጣቸውን ማለቴ ነው። ከ100,000 ገፅ በላይ ነው፣ ስንቱ ገፅ ደግሞ በጥቁር ተሸፍኗል፣ አንዳንዱ ላይ ከቀንና ከማህተም ውጪ ምንም አይታይም። ከየት ልጀምር? ደግሞስ መንግስት ራሱ መርጦ የለቀቀው ነገር ምን ያህል ይታመናል?

ፋይል ገላጭ፦
ወንድሜ እነሱ ወደው የለቀቁት እኮ ትንሽ ነው። ኤሲኤልዩ በመረጃ ነፃነት ህጉ ወረቀቶቹን ስጡን ብሎ የጠየቀው ኦክቶበር 2003 ነው፣ ኢራቅ ባለው የአቡ ግሬብ እስር ቤት የተፈፀመውን ግፍ የሚያሳዩት ፎቶዎች ገና ሳይወጡ። ህጉ በ20 የስራ ቀን መልስ ስጡ ይላል፣ አልሰጡም፣ በ2004 ተከሰሱና ኒውዮርክ ያሉት ዳኛ ሄለርስታይን አስረክቡ ብለው አዘዙ፣ ከዛ በኋላ ነው ወረቀቱ መፍሰስ የጀመረው።

ከየት ልጀምር ላልከው የሲአይኤ ዋና ኢንስፔክተር በሜይ 2004 ያዘጋጀውን ሪፖርት ያዝ። የጠላት ክስ አይደለም፣ የራሳቸው ሰው የራሳቸውን ቤት ፈትሾ የፃፈው ነው። በ2008 ሲለቀቅ አብዛኛው ጥቁር ነበር፣ ኦገስት 2009 እንደገና ሲለቀቅ ብዙው ተገለጠ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ አንብብ እባክህ። አል ናሺሪ የሚባለውን እስረኛ በሽጉጥና በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ እንዳስፈራሩት፣ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ዋና አቀናባሪ የሚባለውን ካሊድ ሼክ መሀመድን ደግሞ ልጆችህን እንገድላለን እንዳሉት እዛ ውስጥ አለ። ለሀገር ደህንነት ሲባል ነው ተብሎ የተጠቆረው ይሄ ነበር! ወታደራዊ ሚስጥር የቱ ጋ ነው? ለእኔ የተደበቀው ነውራቸው ነው፣ ከዛ ወዲህ ጥቁር መስመር ባየሁ ቁጥር የማስበው ይህንኑ ነው።

ሄዋን ቲ፦
በፋይል ገላጭ እስማማለሁ ግን እኔ ከሞቱት ሰዎች ወረቀት ጀምር ነው የምልህ፣ ምክንያቱም የመንግስት ጠበቆች ምርመራው ህጋዊ ነው ብለው የፃፉትን ሜሞ ብቻ ስታነብ ነገሩ የጠበቆች ክርክር ይመስልሃል። ዲላዋርን ፈልገው፣ አፍጋኒስታናዊ ታክሲ ነጂ ነው፣ ዲሴምበር 2002 ባግራም በሚባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ውስጥ እግሩን ደብድበው ገደሉት። ሰራዊቱ መጀመሪያ በተፈጥሮ ምክንያት ነው የሞተው ብሎ ነበር፣ የራሱ ሀኪም የፈረመው የሞት ወረቀት ላይ ግን በሰው እጅ መገደሉ ተፅፏል። ጉል ራህማንም አለ፣ በሲአይኤ ድብቅ እስር ቤት ኖቬምበር 2002 ከወገቡ በታች እርቃኑን ሲሚንቶ ላይ በሰንሰለት ታስሮ በብርድ እንደሞተ ነው የተመዘገበው፣ በእሱ ሞት ደግሞ እስካሁን አንድም ሰው የወንጀል ክስ አልተመሰረተበትም። እኔን ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ።

ቀለም 3፦
የጠፋውንም አትርሱ እንጂ። ሲአይኤ 92 የምርመራ ቪዲዮዎችን በ2005 አጥፍቷል፣ ነገሩ በ2007 መጨረሻ ሲታወቅ የሲአይኤ ዳይሬክተር ለሴኔቱ የስለላ ኮሚቴ ቪዲዮው ባይኖርም ኬብሉን እዩ አለ፣ መርማሪዎቹ ከየእስር ቤቱ ወደ ዋናው መስሪያ ቤት የላኩት መልእክት ማለት ነው። ኮሚቴው ስለ ሲአይኤ እስርና ምርመራ የሰራው ትልቁ ጥናት የመጣው ከዛ ነው፣ ማጠቃለያው ዲሴምበር 2014 ወጥቷል፣ 119 እስረኞችን ይዘረዝራል። የግርጌ ማስታወሻዎቹን እንዳትዘል፣ የኬብሎቹ ቃል በብዛት ያለው እዛ ነው።

የማታ አንባቢ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ሙሉውስ የሴኔት ጥናት ይገኛል?

ቀለም 3፦
አይገኝም። ከ6,700 ገፅ በላይ ነው እሱ፣ ኤሲኤልዩ ከሶ ነበር ግን የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2016 የኮንግረስ ንብረት ስለሆነ የመረጃ ነፃነት ህጉ አይመለከተውም ብሎ ወሰነ። ለጊዜው ማጠቃለያውን ያዝ፣ ከኢንስፔክተሩ ሪፖርት ጋር በቀን በቀን እያመሳከርክ ሂድ፣ የቸገረህን ገፅ እዚህ ለጥፈውና አብረን እናየዋለን።