የእንሰት መፋቂያ ማሽናችን ይሠራል፤ እናቶቹ ግን ተዉት። የቱ ጋ ነው የሳትነው?

መሐንዲሱ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁም። ጽሑፉ ስለረዘመ ይቅርታ። ሁለት ዓመት የደከምንበት ነገር ስለሆነ አሳጥሬ መንገር አልቻልኩም።

በአንድ ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ምህንድስና አስተምራለሁ። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ እንሰት ሲፋቅ ያየሁት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ቦታው ጉራጌ ውስጥ ጉመር ወረዳ ነበር። ጠዋት ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንዲት እናት በእንሰት ቅጠል ላይ ተቀምጠዋል። ሳንቃው ፊት ለፊታቸው ዘንበል ብሎ ቆሟል። አንድ እግራቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ ከግንዱ የተላጠውን ሽፋን በተረከዛቸው ሳንቃው ላይ ጠምደውታል። በሁለት እጃቸው በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይፍቃሉ። እንደዚያ ሆነው ይውላሉ። የዚያን ቀን ሌሊት ወገባቸውን እያሰብኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከምግብ ሳይንስ ክፍል ሁለት ባልደረቦች ጋር የጋራ ፕሮጀክት ጻፍን። የእኛ ክፍል ማሽኑን ይሠራል፣ እነሱ የቆጮውን ጥራት ይመረምራሉ። በቤንዚን ሞተር የሚዞር፣ ቢላዋ የተበየደበት ከበሮ ሠራን። ግቢ ውስጥ ስንሞክረው ከጠዋት እስከ ማታ የሚፈጀውን ሥራ ከምሳ በፊት ጨረሰው። ግንቦት ላይ ለአንድ የሴቶች ማኅበር አስረከብን። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

ጥቅምት ላይ ስመለስ ማሽኑ ጆንያ ለብሶ ጓሮ ቆሟል። እናቶቹ ሳንቃቸው ላይ ናቸው። ምን ሆነ ብዬ ስጠይቅ "ጥሩ ነው ልጄ፣ ድካማችሁን እግዜር ይቁጠርላችሁ" ብቻ ነው የሚሉኝ። አንዲት እናት ብቻ "ለመስቀል አልሆነንም" አሉ፤ እሳቸውም ወዲያው ወሬ ቀየሩ።

የቤንዚኑ ዋጋ ነው? ጣዕሙ ነው? ሌላ የማላየው ነገር አለ? አካባቢውን የምታውቁ ንገሩኝ። እውነቱን ብቻ ነው የምፈልገው፣ አልቀየምም።

የጉመር ልጅ

ወንድሜ፣ ስታነሳው አዶት፣ እናቴ ማለት ነው፣ ፊቴ ላይ መጣችብኝ። እኔ አሁን አዲስ አበባ ነኝ። እስከ አሥረኛ ክፍል ግን ከሷ ጋር ፍቄያለሁ። ጥሩ ነው ካሉህ በኋላ ካልነኩት ጥሩ አይደለም ማለት ነው። ደክሞ የመጣ እንግዳን አፍ አውጥተው ሥራህ አልረባም አይሉትም።

እስቲ ልጠይቅህ። ቃጫው ምን ሆነ?

እንሰት ሲፋቅ ሥጋው ወደ ታች ይወርዳል፣ እጅ ላይ ረጅም ቃጫ ይቀራል። ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ገበያ ይወጣል። ገመድ ይሆናል፣ ጆንያ ይሆናል። በኛ ቤት የቃጫው ብር የአዶት ነበር። አባቴ አይጠይቃትም። የኔ ደብተር፣ የቤቱ ጨው፣ የእድሯ መዋጮ ከዚያ ነው የሚወጣው። ማሽንህ ቢላዋ አለው አልክ። ቢላዋ ይቆርጣል። የተቆራረጠ ቃጫ ማንም አይገዛም። ያ ብቻ አይደለም፣ ቆጮው ውስጥ ይገባና ሲበላ ጥርስ ውስጥ ይሰካል።

ሁለተኛ፣ ቡላውስ? ሲፋቅ የሚወርደውን ውሃ እንዲሁ አንደፋውም። ይጠራቀማል፣ ይዘቅጣል፣ ላዩ ይደፋል፣ ከታች ነጩ ቡላ ይቀራል። ከእንሰት ሁሉ ውዱ እሱ ነው። አራስ የምትጠጣው እሱን ነው። የናንተ ማሽን ውሃውን የት ነው የሚያደርሰው?

ሦስተኛ፣ ማሽኑን የሚያስነሳው ማነው? በኛ አገር እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይቆምም። ሴቶቹ ልብሳቸውን ሰብስበው እግራቸውን አንስተው ነው የሚሠሩት። የሚያወሩትም የራሳቸው ወሬ አለ።

መስቀልን ግን አንተም መገመት ነበረብህ። ጉራጌ ከያለበት አገሩ የሚገባው ለመስቀል ነው። ክትፎው የሚቀርበው ከቆጮ ጋር ነው። ቆጮዋ የጠቆረባት ሴት በዚያ ቀን ከዘመድ ፊት እንዴት ትቀርባለች?

መሐንዲሱ ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ሞተሩን የሚያስነሳው ቀበሌው የመደበው ወጣት ወንድ ነበር። ውሃው ከከበሮው ሥር በክፍተት ወደ መሬት ይፈስሳል፤ ሲፈስ እያየሁ ቆሜያለሁ። ቃጫው በአማካይ የእጅ ጣት ያህል እየሆነ ነው የሚወጣው። በሰዓት ስንት ኪሎ እንደሚፍቅ በየቀኑ መዝግበናል። የቃጫውን ርዝመት አንድ ቀን እንኳ አልለካንም። መለኪያ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

ስለ መጥቆሩ ያልሽው ልክ ነው። ባልደረባዬ ፎቶ አሳይታኛለች፣ ግራጫ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነው። እሷ ቆጮው እንዲብላላ የተቀበረበት ጉድጓድ አየር አስገብቶ ይሆናል ብላ ነበር።

ብየዳ ቤት

ጤና ይስጥልኝ። አሥራ አምስት ዓመት ወፍጮና መጭመቂያ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ወንድሜ፣ ከበሮውን በምን ሠራችሁት? በተራ ላሜራ ከሆነ መልሱ እሱ ነው። የእንሰት ውሃ እንደ ሙዝ ግንድ ውሃ ነው፤ ልብስ ላይ ካረፈ አይለቅም። የሚያቆረፍድ ነገር አለው። ብረት ሲነካ ይጠቁራል። ሻይ በዛገ ጣሳ ስታፈላ የሚሆነው ማለት ነው። እናቶቻችን ቀርከሃና እንጨት ይዘው የቆዩት ብረት ጠፍቶ አይደለም።

የእንሰቱን ውሃ የሚነካው ክፍል ሁሉ ስቴንለስ፣ የማይዝገው ብረት፣ ይሁን። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ማሽኑን አሳንሱት። ቋሚውና እግሩ በተራ ብረት ይቅር፣ ስቴንለሱ ለከበሮውና ለመቀበያው ብቻ ይዋል።

ሌላው ስለቱ ነው። መፋቅና መቁረጥ ለየቅል ነው። ቀርከሃው ስለት የለውም፣ ጠርዝ ነው ያለው። ከበሮው ላይ ጠርዙ የደነዘ ዘንግ ዙሪያውን አስገቡ። ፑሊውን፣ ቀበቶው የሚዞርበትን ጎማ፣ ቀይራችሁ የከበሮውን ፍጥነት ቀንሱ። በከበሮውና በሳንቃው መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ የሚስተካከል ይሁን፣ ምክንያቱም ሽፋኑ ከሥሩ ወፍራም፣ ወደ ጫፉ ስስ ነው። በአንድ ልክ ካሰራችሁት አንዱ ጋ ሳይፋቅ ይቀራል፣ ሌላው ጋ ይበጣጠሳል። እናትየዋ ይህን በክንዷ ነው የምታስተካክለው። ከሥር ዘንበል ያለ መቀበያ አድርጉለት፣ ውሃው ባልዲ ውስጥ ይግባ።

ሞተሩንም እንደገና አስቡበት። በእግር የሚረገጥ ቢሆን ቤንዚንም ወንድም አያስፈልገውም።

ማርታ ላቦራቶሪ

የምግብ ማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ነኝ። በብረቱ ከብየዳ ቤት ጋር እስማማለሁ። ባልደረባህ የጠረጠረችውም ግን መናቅ የለበትም። አየር ከገባ ላዩ ይሻግታል፣ ቀለሙም ይበላሻል። ሁለቱን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ከአንድ እንሰት ግማሹን በእጅ፣ ግማሹን በማሽን አስፍቁ። ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ጉድጓድ፣ በአንድ ዓይነት ቅጠል ቅበሩ። የጠቆረው የማሽኑ ብቻ ከሆነ ብረቱ ነው። ሁለቱም ከጠቆሩ አቀባበሩን እዩ።

ቆጮ ሲብላላ በጉድጓዱ ውስጥ ሥራ የሚሠሩት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው። መጀመሪያ ሌኮኖስቶክ ይበዛል፣ አሲዱ ሲጨምር ቦታውን ለላክቶባሲለስ ይለቃል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህን ቅደም ተከተል አሳይቷል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ጉዳይ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም በጋሞ በኩል በመፋቂያው፣ በመጭመቂያውና በማብላያው ላይ ሲሠራ ቆይቷል። እንደ አዲስ ከመጀመራችሁ በፊት ሄዳችሁ እዩት።

ጉመር ደጋ ነው። በብርድ አገር መብላላቱ ወራት ይወስዳል፣ ቆላ ላይ ሳምንታት ይበቁታል። ናሙናችሁን በሞቀ ላቦራቶሪ አብላልታችሁ ከሆነ ውጤታችሁ የጉመርን ጉድጓድ አይወክልም። ቀማሾቻችሁስ እነማን ነበሩ? ተማሪዎች ከሆኑ ተዉአቸው። ቆጮ ስትጋግር የኖረች ሴት ገና ስትጨብጠው ታውቀዋለች። እሷ "ልሟል"፣ "ገና ነው" የምትለውን ከፒኤች፣ ማለትም ከአሲድነት ልኬት፣ ንባባችሁ ጎን መዝግቡት።

አንድ ነገር ልጨምር። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲና የካናዳው ሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ በቦሎቄና በሽምብራ ላይ አብረው የሠሩትን ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ አነሳዋለሁ። ጥራጥሬውን መዘፍዘፍና ማብቀል ፋይቴትን፣ ማዕድናቱን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር፣ ይቀንሳል፣ ብረትና ዚንክ ለሰውነት ይቀርባሉ። ይህን ላቦራቶሪ ውስጥ ማሳየት ቀላሉ ክፍል ነው። እዚያ ሥራ ውስጥ ዘር የሚያዳቅለውም፣ የሥነ ምግብ ባለሙያውም፣ ለሕፃኑ ገንፎ የምታገነፋውም እናት ነበሩበት። አንተ የጋራ ፕሮጀክት ያልከው ሁለት ክፍሎች ተገናኝተው ነው። ሦስተኛዋ አልነበረችም።

መሐንዲሱ ከደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ላሜራ ነበር። ናሙናውን ያብላላነውም ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቀማሾቹም የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ።

ዛሬ ከሁለቱ ባልደረቦቼ ጋር ተቀምጠን ነበር። ማሽኑን ከማኅበሩ መልሰን እናመጣለን። ከበሮውን አፍርሰን በደነዘ ጠርዝ እንሠራለን፣ በእግር የሚረገጠውንም እንሞክራለን። ከዚያ በፊት ግን ታኅሣሥ ላይ የምግብ ሳይንሷ ባልደረባዬ ብቻዋን ሄዳ ከእናቶቹ ጋር ሁለት ሳምንት ትፍቃለች። እኔ ከአጥሩ ውጭ እሆናለሁ። የምትመዘግበው ሦስት ነገር ነው፦ የቃጫው ርዝመት፣ የቡላው ክብደት፣ እናቶቹ በቀን ስንት ጊዜ ወገባቸውን ለማሳረፍ እንደሚነሱ።

ማርታ፣ በአንዱ እንሰት የግማሽ በግማሹን ሙከራ እናደርጋለን። አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። የውስጡና የውጪው ሽፋን እኩል አይደለም። ከየትኛው ነው የምንካፈለው?

እህቴ የጉመር ልጅ፣ ልጠይቅሽ ፈርቼ ነበር። ባልደረባዬ አዶት ዘንድ ብትሄድ ቅር ይላቸው ይሆን?

ማርታ ላቦራቶሪ

ከውጪ ወደ ውስጥ ስትላጡ አንዱን ሽፋን ለእጅ፣ ቀጣዩን ለማሽን እያፈራረቃችሁ ሂዱ። ከአንድ እንሰት ብቻ አትፍረዱ፣ ቢያንስ በአምስት ድገሙት። ዝርያውንም ስሙን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ እናቶቹ እያንዳንዱን በስሙ ያውቁታል።

የጉመር ልጅ

አሁን ደውዬላት ነበር። "ትምጣ" ብላለች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ልጅቷ የማን ልጅ ናት ብላ ነው፤ ስለዚህ ስትደርስ ከምርምሩ በፊት ስለ ቤተሰቧ ታውራ።

ማልዳ ትድረስ። ወፍራም ጋቢ ትያዝ፣ ታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ነው። የሚቆሽሽ ቀሚስ ትልበስ፣ ሱሪ አይመችም። የመጀመሪያውን ቀን አዶት መፋቂያውን አትሰጣትም፤ ቅጠል ታስነጥፋታለች፣ ውሃ ታስቀዳታለች። አትከፋ። በሦስተኛው ቀን ሳንቃውን ትለቅላታለች። መለኪያውን ያን ጊዜ ታውጣው።